በልጅነት የደረሰ መከራና የመምህር ዕዳ

መከራ ሰውን ያስተምራል የሚለው ቃል በአገራችን ከሽማግሌም ከወጣትም አንደበት የማይጠፋ ቃል ነው። በዕውቀቱ የተከበረ፣ በምግባሩ የተመሰገነ መምህር በተነሣ ቍጥር፣ በልጅነቱ አባት እናቱ እንደ ሞቱበት፣ ወይም በራብና በዕርዛት እንዳደገ፣ ወይም በግርፋት ብዛት ጀርባው እንደ ቈሰለ ይተረክና፣ በመጨረሻው ለዚህ ያበቃው ያ መከራ ነው ተብሎ ይፈረዳል። ነገሩ ለጆሮ የተስማማ ነው። ዳሩ ግን የልጆችን አደራ የተቀበልን ሁሉ፣ ካህናትም ብንሆን ወላጆችም ብንሆን፣ ይህን ፍርድ ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባንም። ፍርዱ እውነት ከሆነ፣ ለሕፃን በጎ የሚያስብ ሰው መከራ ሊያበዛለት ይገባዋልና። ፍርዱ ሐሰት ከሆነ ደግሞ፣ በቅዱሳንና በሊቃውንት ሕይወት የምናየው ጽናት ከወዴት መጣ የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በልጅነቱ መከራ የተቀበለ ሰው መምህር የሚሆነው በምን ኀይል ነው? መምህር ከሆነ በኋላስ በፊቱ ለተቀመጠው ሕፃን ያለበት ዕዳ ምንድር ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው መከራን በስሙ ብቻ አያውቀውም። ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ከፍ ያለውን ትምህርት ሽቶ ከአባቱ ቤት ይወጣል። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ በእግሩ ይጓዛል። ልብሱ ደበሎ፣ ጎተራው በትከሻው ያንጠለጠለው አኮፋዳ፣ ጋሻው ውሻ የሚመክትበት በትር ነው። በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ያገኘውን ቍራሽ ይዞ ይመለሳል፤ ቀለሙንም በቃሉ እያጠና ያድራል። እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናልና የምንናገረው በወሬ የሰማነውን አይደለም። ከዚህ መንገድ ታላላቅ ሊቃውንት ወጥተዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ከዚሁ መንገድ ላይ በሕመም የቀሩ፣ ተስፋ ቈርጠው የተመለሱ፣ ከመምህሩ ቍጣ የተነሣ ፊደልን እንደ ጠላት ቈጥረው የሸሹ ሕፃናት እንዳሉም የሚክድ የለም።

ስለዚህ አስቀድመን ሁለቱን መከራ እንለያቸው። አንደኛው ከሥራው ጋራ የተወለደ ድካም ነው። ድጓ ያለ ብዙ ዓመት ትጋት አይጠናም፤ ቅኔ ያለ ሌሊት ተመስጦ አይቈጠርም፤ ማንም ሰው ቢሆን የማያውቀውን ለማወቅ በሚያደርገው ትግል ላብ ማፍሰሱ አይቀርም። ይህን ድካም ከሕፃን ላይ የሚያነሣ መምህር ወዳጁ ሳይሆን ሌባው ነው፤ ዕውቀቱን ይሰርቀዋልና። ሁለተኛው ግን ከሥራው ጋራ የማይገናኝ፣ ከሰው ክፋት ወይም ከሰው ቸልተኝነት የሚመጣ መከራ ነው። ስድብ፣ ውርደት፣ ያለ መጠን የሆነ ግርፋት፣ መመገብ ሲቻል መራብ፣ ማስታመም ሲቻል መረሳት፣ እነዚህ ሁሉ ለዜማው ጣዕም፣ ለምስጢሩም ብርሃን የሚጨምሩለት ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የምንስተው ሁለቱን በአንድ ስም መከራ ብለን ጠርተን፣ የመጀመሪያውን ፍሬ ለሁለተኛው በመስጠታችን ነው።

ደግሞም አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። ተገርፈን፣ ተርበን ለዚህ በቃን ብለው በጉባኤ ላይ የሚመሰክሩት እነማን ናቸው? የበቁት ብቻ ናቸው። ያልበቁት በጉባኤው አልተገኙም። አንዱ በስደት አገር የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቀርቷል፤ አንዱ በወጣትነቱ ተቀብሯል፤ አንዱም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያይ ልቡ እየደነገጠ ይኖራል። በፍርድ አደባባይ የአንድን ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ዐድሏል ይባላል። እኛም ከጎርፍ የተረፈውን ሰው አይተን፣ ዋና ያስተማረው ጎርፉ ነው ካልን፣ ጎርፉ የወሰዳቸውን ሳንጠይቅ ፈረድን ማለት ነው።

እንግዲህ የበቁትን ያበቃቸው ምንድር ነው? ሁላችን ከምናውቀው ከማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ ታሪክ እንጀምር። ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ይተረካል። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ተሰጥቶ ይማር ጀመር። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባ አለው፤ ስላልገባውም ይገረፍ ነበር። መከራው በጸናበት ጊዜ ሸሽቶ ወጣ፤ ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራም ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ፍሬ ለመድረስ ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲወጣ፣ ደግሞም ሲወድቅ፣ በመጨረሻውም ሲደርስ ተመለከተ። ከዚህ በኋላ ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ለመነ፤ መምህሩም ተቀበለው። ያ ትምህርት የማይገባው የተባለ ልጅ ኋላ የድጓ፣ የጾመ ድጓ፣ የምዕራፍ፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ባለቤት ሆነ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለትውልድ አስተማረ፤ በሰሜንና በጸለምትም ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ሲያስተምር ኖረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ሕፃናትን ለትጋት ለማነሣሣት ነው፤ መልካምም ነው። ሆኖም ለመምህራን የሚናገረውን ነገር አናልፈው። ግርፋቱ ያሬድን ከትምህርት ቤት አስወጣው እንጂ አልመለሰውም። ትሉንም ወደ ላይ ያወጣው ውድቀቱ አይደለም፤ ውድቀቱ ወደ ታች ብቻ ይወስዳል፤ ወደ ላይ የሳበው በዛፉ ላይ ያየው ፍሬ ነው። ሦስተኛም፣ ያሬድ በተመለሰ ጊዜ በሩ ተዘግቶ አላገኘውም። መምህሩ አንተ ደንቆሮ፣ ደግሞ ለምን መጣህ ብሎ መልሶ ቢሰደው ኖሮ፣ የትሉ ትምህርት ከዛፉ ሥር በቀረ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ምን ያህል በደኸየች ነበር! ስለዚህ የጽናት ሥሩ የሚወደድ ነገርን በሩቅ ማየት ነው፤ ጠባቂው ደግሞ ወድቆ ለተመለሰ ሰው የሚከፈት ደጅ ነው።

ከአገራችን አልፈን፣ ለብዙ ዘመን በመንበር አንድ ሆነን ወደ ኖርንባት ወደ እስክንድርያ ብንሄድም ይህንኑ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ313 ገደማ የተወለደው ዲዲሞስ ገና በአራት ዓመቱ ዓይኑ ጠፋ። ፊደልን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ተማረ፤ በሰሌዳ ላይ ጠልቆ የተቀረጸውን ፊደል እየዳሰሰ ለየ፤ የቀረውንም በጆሮው እየሰማ በልቡ ጻፈ። ቅዱስ አትናቴዎስም የእስክንድርያን ትምህርት ቤት እንዲመራ ሾመው፤ እንደ ሄሮኒሞስና እንደ ሩፊኖስ ያሉ ሊቃውንት ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ታላቁ አባ እንጦንስ ባገኘው ጊዜ፣ ዝንብና ጕንዳን እንኳ ስላላቸው ዓይን እንዳያዝን፣ ይልቁንም መላእክት ስለሚያዩበት የልብ ዓይን ደስ እንዲለው እንዳጽናናው ይነገራል። ዲዲሞስን ሊቅ ያደረገው ዕውርነቱ ነውን? በዘመኑ ዓይናቸው የጠፋ ሕፃናት ብዙዎች ነበሩና እንዲህ ቢሆን ሁሉም ሊቃውንት በሆኑ ነበር። የእርሱ ልዩነት በጣቱ የሚዳሰስ ፊደል፣ የሚያነብለት ድምፅ፣ የሚያጽናናው አባት፣ የሚያምነውም ጳጳስ ማግኘቱ፣ ያገኘውንም በትጋት መጠቀሙ ነው።

ይህ የቅዱሳን ዘመን ጸጋ ነው፤ ለዛሬ ሰው አይሆንም የሚል ቢኖር፣ ለዘመናችን የቀረበ፣ ከቤተ ክርስቲያናችንም ውጭ የሆነ ምሳሌ እናምጣለት። በአሜሪካ አገር አን ሰሊቫን የምትባል የድሀ ልጅ ነበረች። ትራኮማ በሚባለው የዓይን በሽታ ዓይኗ ሊጠፋ ደረሰ፤ እናቷ ሞተች፤ አባቷም ጥሏት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1876 ከታናሽ ወንድሟ ጋራ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቱክስበሪ በተባለው የድሆች መጠለያ ተጣለች፤ ወንድሟም ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ሞተ። በ1880 በቦስተን ወደ ነበረው ፐርኪንስ ወደ ተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም ላውራ ብሪጅማን ከምትባለው፣ ዓይኗም ጆሮዋም ከጠፋ ሴት፣ በጣት ምልክት በእጅ ላይ ፊደል መጻፍን ተማረች። በ1887 መጋቢት ወር፣ ገና በሃያ ዓመቷ፣ አላባማ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ሄዳ ሔለን ኬለር የተባለችውን፣ ማየትም መስማትም የማትችል የስድስት ዓመት ሕፃን ታስተምር ጀመር። በሚቀጥለው ወር በአንድ እጇ ላይ ውሃ እያፈሰሰች በሌላው እጇ ላይ የውሃን ስም በጣቷ ጻፈችላት፤ በዚያ ቀን ሕፃኒቱ ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው ዐወቀች።

አን ሰሊቫን ልፍስፍስ መምህር አልነበረችም። ያለ ሥርዐት ያደገችውን ሕፃን ለማረምና ለማስታዘዝ ብዙ ታግላለች። ዳሩ ግን በመጠለያው ያየችውን መረሳት ለሕፃኒቱ አላወረሰቻትም፤ ያወረሰቻት ከላውራ የተማረችውን የጣት ፊደል ነው። ሁለቱን የተቀበለችው በአንድ ሰውነት ነው፤ ለማስተላለፍ የመረጠችው ግን አንዱን ብቻ ነው። የመምህርነቷ ክብር በዚህ ምርጫ ላይ ቆሟል ብንል ከእውነት አንርቅም።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም በብዙ ድካም ወደዚሁ ነገር ደርሰዋል። ኤሚ ወርነር የምትባል ሊቅ ከጓደኞቿ ጋራ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በሐዋይ ደሴቶች በአንዷ፣ በካዋይ፣ የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ አርባ ዓመታቸው ድረስ ተከታትላለች። ከእነዚህ መካከል በድህነት፣ በቤተ ሰብ ጠብ፣ በወላጅ ስካርና በእንዲህ ያለው መከራ ተከበው ካደጉት ውስጥ፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለሰው የሚራሩ፣ በሥራቸው የሚታመኑ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከእነርሱ ዘንድ ጐልቶ የታየው ነገር፣ ወላጅ ባይሆን እንኳ አያት ወይም መምህር ወይም ጎረቤት፣ የሚያስብላቸው ቢያንስ አንድ የጸና ሰው ማግኘታቸው ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ሲበቃ ሁለቱ በወጣትነታቸው እንደ ተሰናከሉ እናስተውል። የመከራ ትምህርት ቤት ከሦስት ደቀ መዛሙርት ሁለቱን የሚጥል ከሆነ፣ መልካም ትምህርት ቤት ነው ለማለት አንደፍርም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጽናት ማለት ድንዳኔ ማለት እንዳልሆነ ነው። ጸንዐ የሚለው የግእዝ ቃል በረታ፣ ቆመ፣ ታመነ ማለት ነው። ድንጋይም አይነቃነቅም፤ ዋርካም አይነቃነቅም፤ ነገር ግን ድንጋይ የማይነቃነቀው ሕይወት ስለሌለው ነው፤ ዋርካ ግን ሥር ስላለው ነው። ዋርካው ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ ያዘነብላል፤ ሲበጠስም ይደማል፤ በጥላው ሥር ግን መንገደኛ ያርፋል። በልጅነቱ ተመትቶ ልቡ የደነደነ ሰው በርትቶ የቆመ ይመስላል፤ ሆኖም በጥላው ሥር የሚያርፍ ሕፃን የለም።

መምህር የሆነ የመከራ ልጅ በሁለት መንገድ ራስ ላይ ይቆማል። አንደኛው መንገድ፣ እኔ ያየሁትን እርሱም ይይ የሚል ነው። ይህ ቃል ተግሣጽ ይመስላል እንጂ በቀል ነው፤ ያውም ባልበደለ ሰው ላይ የሚደረግ በቀል ነው። የመታን ሰው ሞቶ ወይም ርቆ ሳለ፣ ዕዳውን ገና ካልተወለደው ትውልድ እንደ መቀበል ያለ ነው። ሁለተኛው መንገድ፣ እኔን ያገኘኝ በእኔ ይብቃ የሚል ነው። የሙሴ ሕግ ያዘዘው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ እስራኤል በግብፅ ስደተኞች ነበሩና፣ የስደተኛን ነፍስ ያውቃሉና፣ ስደተኛውን እንዳያስጨንቁ ታዘዙ። ሕጉ መከራን ማወቅ መከራን ለማድረስ ፈቃድ ይሆናል አላለም፤ የመከልከሉ ምክንያት አደረገው እንጂ።

ጻድቁ ዮሴፍም ይህን በልጆቹ ስም ጽፎልናል። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድሞቹ ሸጡት፤ በሠላሳ ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ በመካከሉ ያለው ዐሥራ ሦስት ዓመት የባርነትና የወኅኒ ዘመን ነው። ኋላም የግብፅን ሽማግሌዎች ጥበብ እንዳስተማረ ነቢዩ ዳዊት ይመሰክርለታል፤ እንግዲህ ዮሴፍ መግቦ ብቻ ሳይሆን አስተምሮም ኖሯል። የበኵር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል ነው። ሁለተኛውን ኤፍሬም አለው፤ በመከራዬ አገር አፈራኝ ሲል ነው። ተራውን እንመልከት፤ ምናሴ በኤፍሬም ፊት ተወለደ። ቂሙን ያልረሳ ሰው በመከራው አገር አያፈራም፤ ቢያፈራም ፍሬው ይመራል። መርሳት ማለትም የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ አይደለም፤ ዮሴፍ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ዐውቋቸዋል፣ አልቅሷልም። መርሳቱ የሚገባውን ብድር አለመክፈሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ጠቢቡ ሰሎሞን በትርን አመስግኗልና፣ ያለ በትር ልጅ እንዴት ይታረማል? ይላሉ። እኛም ተግሣጽ ይቅር አንልም፤ ያልተገሠጸ ልጅ እንዳልተገረዘ ወይን ነው። ነገር ግን የእረኛ በትር ሥራው በጉን መምራትና ተኵላውን መመከት ነው፤ ነቢዩም በበትሩ መጽናናቱን የተናገረው ስለዚህ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ ልባቸውም እንዳይዝል አስጠንቅቋል። ስለ ልጆች አስተዳደግ መጽሐፍ የጻፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ፣ ሕፃን ዘወትር ቢመታ በትሩን ይለምደዋል፣ ሲለምደውም ይንቀዋል ብሎ፣ ወላጆች ምታት እንዳያዘወትሩ መክሯል። የአገራችንም ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው፣ በ36ኛው አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያድጉበት ተቋም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ በትሩን የሚያነሣ መምህር ከአባቶች ምክርም ከአገሩ ሕግም ጋራ እንደሚጣላ ይወቅ።

የግእዝ ሊቃውንት መሀረ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ፣ መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ፣ ራራ ማለት እንደ ሆነ ያስተምራሉ። መምህር ከፊተኛው፣ ምሕረት ከኋለኛው ይወጣል። ሁለቱን በጽሕፈት የሚያቀላቅል ተማሪ ሰዋስው አልተማረም ይባላል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። ፊደል ገና ያልለየ ሕፃን የሚሰማው በጆሮው ብቻ ነውና፣ የኔታ በፊቱ ሲቀመጡ ማስተማሩንና መራራቱን አንድ አድርጎ ሊሰማ ይገባዋል። ልዩነታቸውን ኋላ ሲያድግ በሰዋስው ይማረዋል።

ስለዚህ ወንድሞቻችን መምህራን ሆይ፣ ዕዳችን በቃል የሚቀር አይሁን። ትምህርቱን ከክብሩ ዝቅ አናድርግ፤ ቀለሙ ይጥና፣ ዜማው ይስተካከል፣ ስሕተቱም ይታረም። ከዚህ ጋራ ግን አዲስ የመጣውን ሕፃን ስሙንና የወላጆቹን ስም እንጠይቀው። ወላጅ የሌለው እንደ ሆነ ከታላላቆቹ ተማሪዎች አንዱን ወንድም እናድርግለት። ማታ ከልመና ሲመለሱ አኮፋዳው ባዶ የሆነው ማን እንደ ሆነ እንይ። የታመመው ወደ ሐኪም እንዲደርስ እናድርግ። የምእመናንም ድርሻ አለ፤ በደጃቸው የሚቆመውን ተማሪ ውሻ እንዳይነክሰው ቢጠብቁ፣ ቍራሹን ሲሰጡት በጎ ቃል ቢጨምሩለት፣ አጥቢያውም ለጉባኤ ቤቱ ቀለብ ቢመድብ፣ ኋላ የሚያስተምራቸውን መምህር ዛሬ እያሳደጉት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አንድ ሕፃን ከጉባኤ በጠፋ ጊዜ ሰነፍ ነበር ብለን ስሙን አንፋቅ። ፈላጊ እንላክበት፤ ምናልባት በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሆናል። የተመለሰም እንደ ሆነ በጌዴዎን ደጅ እንደ ተደረገው ይደረግለት፤ ይከፈትለት፣ ካቋረጠበትም ቀለም ይጀመርለት። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችንም አማላጅነት ይርዳን። አሜን።